የማያጨሱት ቀማሽ

እኔ የምሠራው ሲጋር፣ ማለትም በወረቀት ሳይሆን በራሱ በትንባሆ ቅጠል የሚጠቀለለውን፣ በሚሸጥ መደብር ነው። እዚያ የሲጋርን ጠረን ከሁላችንም አብልጠው የሚለዩት ሴት፣ ሲጋር አፋቸው ገብቶ አያውቅም። አዲስ አበባ ሳሉ እንጀራቸው ቡና ቅምሻ ነበር፤ ላኪዎች የሚያቀርቡትን ናሙና እየቀመሱ ጉድለቱን ይለያሉ። ልጆቻቸውን ተከትለው ቨርጂኒያ ከመጡ በኋላ እኛ ዘንድ ዕቃ ለመረከብና ሒሳብ ለመያዝ ተቀጠሩ። ለመደብሩ ባለቤት ያቀረቡት ቅድመ ሁኔታ አንድ ብቻ ነበር፦ "እቆጥራለሁ፣ እደረድራለሁ፣ እሸጣለሁ፤ እሳት ግን አልለኩስም።" ትንባሆ ባደጉበት ቤት ነውር ነው። እሑድ ከቅዳሴ በቀጥታ ሲመጡ ጭስ እንዳይዘው ነጠላቸውን አጣጥፈው መኪናቸው ውስጥ ትተውት ነው የሚገቡት። እኔ እትዬ እላቸዋለሁ፤ ባለቤቱም ከእኔ ሰምቶ እትዬ ይላቸዋል።

ነገሩ የሆነው የአባቶች ቀን ሲቃረብ ነው። በጁን ወር ሦስተኛ እሑድ የሚውለው ይህ በዓል ለሲጋር ነጋዴ ጥሩ ገበያ ነው፤ ለአባታቸው ምን እንደሚገዙ የጨነቃቸው ልጆች ሁሉ ወደ እኛ ይመጣሉ። አንድ የአከፋፋይ ወኪል አዲስ የኒካራጓ ሲጋር አቀረበልን። አንዱ ፍሬ ከሃያ ዶላር በላይ የሚሸጥ፣ ሣጥኑ የሚያብረቀርቅ፣ በሲጋሩ ወገብ የሚጠመጠመው የወረቀት ቀለበት በወርቅ ቀለም የተጻፈ ነው። ባለቤቱ ብዙ ሣጥን ሊያዝ አስቦ ነበርና ሠራተኛውን ሰብስቦ ቅምሻ አዘጋጀ።

ወኪሉ ሣጥኑን ከመክፈቱ በፊት ታሪኩን ከፈተ። አንደበቱ የተባ ሰው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1959 ካስትሮ ሥልጣን ከያዘ በኋላ እርሻና ፋብሪካ የተወረሰባቸው የኩባ ትንባሆ ሰዎች ወደ ዶሚኒካን ሪፐብሊክ፣ ወደ ሆንዱራስና ወደ ኒካራጓ እንዴት እንደተበተኑ ተረከልን። ኬኔዲ በ1962 የኩባን ዕቃ ሲያግድ የአሜሪካ አጫሽ ፊቱን ወደ እነዚህ ስደተኞች እንዳዞረ፣ በሰሜን ኒካራጓ ያለችው ኤስቴሊ በ1968 ሆያ ዴ ኒካራጓ የተባለውን ፋብሪካ እንዳገኘች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ደግሞ ከኩባ ወጥቶ ማያሚ የነበረው ሆሴ ኦርላንዶ ፓድሮን ሥራውን ወደዚያው እንደወሰደ ነገረን። ከዚያ ጦርነቱ መጣ። የአገሪቱን አምባገነን ሶሞዛን በ1979 ባስወገደው አብዮት ኤስቴሊ ክፉኛ ተደብድባለች። ሬገን በ1985 በኒካራጓ ላይ የንግድ ማዕቀብ ጣለ፤ ማዕቀቡ በ1990 ሲነሣ የተረፉት እንደገና ከሥር ጀመሩ። ዛሬ በእጅ ተጠቅልሎ ወደ አሜሪካ ከሚገባው ሲጋር የኒካራጓው ቀዳሚ ነው።

ታሪኩ እውነት ነው፤ እኔም ለደንበኞች ስተርከው ደስ ይለኛል። ወኪሉ ግን በዚያው ትንፋሽ ወደ ጣዕሙ ዝርዝር ተሻገረ። "በመጀመሪያው ሲሶ ቁንዶ በርበሬ ታገኛላችሁ፣ መሀሉ ላይ ኮኮዋና ቆዳ፣ ወደ መጨረሻው ጥቁር ቡና" አለ። ገና ማንም እሳት ሳይጭር ምላሳችን ሥራውን ጨርሶ ነበር።

ሲጋር አጀማመር አለው። መጀመሪያ በጣት ዳበስ ዳበስ ተደርጎ ይፈተሻል፤ ደርቆ የሚንኮሻኮሽ ወይም ጎድጎድ ያለ ቦታ ካለው አጠቃለሉ ወይም አቀማመጡ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቆብ የምንለው ወደ አፍ የሚገባው ጫፍ በስሱ ይቆረጣል፤ ጠልቆ ከተቆረጠ የውጭው ቅጠል ይተረተራል። ከዚያ ሳይለኮስ አንድ ሁለት ጊዜ ይሳባል፤ በዚህ ጊዜ አየሩ ያለ ትግል መምጣት አለበት። እሳቱ እግሩን፣ ማለትም የሚለኮሰውን ጫፍ፣ እንዳይነካ ራቅ አድርጎ፣ እያዞሩ ዳሩን በእኩል ማሞቅ ይቀጥላል። አሳሳቡ በደቂቃ አንዴ ገደማ ነው፤ የሚጣደፍ ሰው ቅጠሉን አግሎ የሚያተርፈው ምሬት ነው። ጭሱ ወደ ሳንባ አይወርድም፤ አፍ ውስጥ ይቆይና ይለቀቃል፣ ከእርሱም ጥቂቱ በአፍንጫ ይወጣል፤ ረቂቁ ጠረን የሚታወቀው ያኔ ነው። ወደ ሳንባ አይወርድም ስል ግን ጉዳት የለውም ማለቴ አይደለም፤ ኒኮቲኑ በአፍ ሥጋ በኩል ይገባል፣ የአፍና የጉሮሮ ካንሰርም ሲጋር አጫሹን አይምርም። ይህንን ለደንበኛ ስናገር ባለቤቱ ይገላምጠኛል፤ እኔ ግን እናገራለሁ።

በዚያ ቀን ሁላችንም በሥርዓቱ ለኮስን፣ በሥርዓቱ ሳብን። "ቁንዶ በርበሬው ይሰማችኋል?" አለ ወኪሉ። ተሰማን። አፍንጫችንን ያቃጥለዋል፣ ዓይናችንንም ያስነባዋል። "እንዴት ያለ ጉልበት ነው!" ተባባልን። ባለቤቱ ብዕሩን አውጥቶ የማዘዣ ቅጹን ሳበ። በባዶ ሆዱ የመጣው ወጣት ባልደረባችን ብቻ ፊቱ አመድ መስሎ ስኳር ውኃ እየጠጣ ጥግ ላይ ተቀምጧል።

እትዬ ከሒሳብ ጠረጴዛቸው ሆነው ያዩናል። ወኪሉ ትሕትና ለማሳየት ያልተለኮሰ አንድ ፍሬ ወስዶ "ቢያንስ ጠረኑን" ብሎ ሰጣቸው። ተቀበሉት። እግሩን ወደ አፍንጫቸው አስጠግተው ዓይናቸውን ጨፈኑና አጫጭር ሦስት ትንፋሽ ሳቡ። አራቁት፣ የገዛ ሹራባቸውን እጅጌ አሸተቱ፣ መልሰው አስጠጉት። ከዚያ ሳይጠየቁ ከሣጥኑ ሌላ ፍሬ አነሡ፣ ከታችኛው ረድፍ ደግሞ ሦስተኛ። ክፍሉ ጸጥ አለ።

"ይህ ነገር ገና ነው፤ ሽንት ሽንት ይላል" አሉኝ በአማርኛ። "ንገራቸው።"

ላለዝበው ሞከርኩ። በእንግሊዝኛ "ትንሽ ጠንከር ያለ ጠረን አለው ይላሉ" አልኩ። እትዬ የሚናገሩት እንግሊዝኛ ጥቂት ቢሆንም የሚሰሙት ብዙ ነው። "እንደሱ አላልኩም፤ ያልኩትን ንገር" ብለው ተቆጡኝ። ያሉትን ተናገርኩ።

ወኪሉ አልተቀየመም፤ እንዲያውም ሳቀ። የበረት ጠረን በቀዝቃዛ ሲጋር ላይ የታወቀ ነው፣ አዋቂዎች የሚወዱትም ነው አለ። እዚህ ላይ አልዋሸም፤ በደንብ የተብላላ ትንባሆ ሳይለኮስ ድርቆሽና እበት ሊሸት ይችላል፣ ማንም ያንን እንደ ነውር አይቆጥረውም። እትዬ ግን አልተበገሩም። "እኔ ከብት ካለበት ቤት ነው የወጣሁት" አሉ። "የደረቀ እበት አውቃለሁ፣ ድርቆሽም አውቃለሁ። ሁለቱም አፍንጫ ላይ ይቀመጣሉ እንጂ አይወጉም። ጠዋት በረቱ ሲከፈት ዓይን የሚያስነባው ግን ያደረ ሽንት ነው። ይህ ይወጋል።"

በኬሚስቶቹ ቋንቋ አሞኒያ ነው ያሉት።

ባለቤታችን ነጋዴ ነው እንጂ ግትር አይደለም። ወደ ሂውሚዶሩ፣ ማለትም እርጥበቱ ተጠብቆ ሲጋር ወደሚቀመጥበት ክፍል ገባና ዓምና ከዚያው ፋብሪካ የገዛውን ሌላ ሣጥን ይዞ ተመለሰ። ሁለቱም በአንድ መደርደሪያ፣ በአንድ እርጥበት፣ በአንድ ሙቀት ነው የተቀመጡት፤ ወኪሉ የላካቸው ናሙናዎች ከቅምሻው አስቀድመው ደርሰው ነበርና። የእርጥበት መለኪያው ከስልሳ አምስት እስከ ሰባ በመቶ ባለው ተገቢ ልክ ውስጥ ነበር። የዓምናው ለእትዬ ተሰጣቸው። አሽትተው "ይህ ደኅና ነው" ብለው መለሱት። ስለዚህ ጥፋቱ የክፍላችን አልነበረም።

ከዚያ ባለቤቱ የዓምናውን ለኮሰና በአፍንጫው አወጣው። ቀጥሎ አዲሱን በአፍንጫው አወጣው። ሳለ፣ ዓይኑን ጠረገ፣ ወኪሉንም አየው። ቁንዶ በርበሬ ብለን ያደነቅነው ማቃጠል በዓምናው ላይ የለም፤ በርበሬው በዚያኛውም አለ፣ ግን ምላስን ቆንጠጥ አድርጎ የሚያልፍ ነው። አዲሱ አፍንጫ የሚልጠው አሞኒያው ኖሯል። ስሙን አስቀድሞ የነገረን ወኪሉ ነው፤ እኛም በተሰጠን ስም ጠራነው።

ምክንያቱ ኤስቴሊ ነው ያለው። ከማድረቂያው የወጣ ቅጠል እንዲብላላ በትልልቅ ክምር ይደረደራል፤ በስፓኒሽ ፒሎን ይባላል። ክምሩ ከውስጥ ይግላል፣ ሠራተኞቹም በመሀሉ የሻጡትን ቴርሞሜትር እያዩ ሙቀቱ ከልክ ሲያልፍ አፍርሰው ውስጡን ወደ ውጭ አገላብጠው እንደገና ይከምሩታል። አሞኒያው ተንኖ የሚወጣው በዚህ መገላበጥ ነው። ከተክሉ አናት የሚቀጠፈውና ሊሄሮ የሚባለው ወፍራም ቅጠል ከሁሉም ረዘም ያለ ጊዜ ይፈልጋል፤ የኒካራጓ ሲጋር በጉልበቱ የሚታወቀው ደግሞ በብዙው ከዚሁ ቅጠል የተነሣ ነው። ተጠቅልሎ ካለቀ በኋላም ሲጋሩ ሴዳር በተባለው እንጨት በተለበጠ ክፍል ውስጥ ወራት ይተኛል፤ ከጥቅለላው የተረፈው እርጥበትና ጠረን እዚያ ይወጣለታል፣ የተለያዩት ቅጠሎችም ይዋሃዳሉ። ከእነዚህ አንዱ ሲያጥር ገዢው በሃያ ዶላር በረት ያሸታል።

ወኪሉ ስልክ ደውሎ አጣራ። የአባቶች ቀን ትእዛዝ ስለበዛ ያ ዙር ከማሳረፊያው ክፍል ቶሎ መውጣቱን ሳይደብቅ ነገረን፤ ለዚህ አከብረዋለሁ። ባለቤቱም ሁለት ሣጥን ብቻ ወሰደ፣ ዋጋ ሳይለጥፍባቸው ላይኛው መደርደሪያ ላይ አስቀመጣቸው። ብዙ ፋብሪካዎች እንደ ኩባዎቹ የታሸገበትን ወር ከሣጥኑ በታች አይመቱም፤ ስለዚህ እትዬ የገባበትን ቀን በእርሳስ ጻፉበት። ከዚያ ወዲህ የምንረከበው ሣጥን ሁሉ ሆዱ ላይ የእርሳስ ቀን አለው።

እትዬ በዚህ አላበቁም። በሚቀጥለው ስብሰባ ላይ የቡና ቅምሻ ቤት ሥርዓት አመጡብን። እዚያ ናሙናው በቁጥር እንጂ በአገሩ ስም አይቀርብም፤ ቀማሾቹ በማንኪያ እየማጉ ይተፋሉ፣ ነጥባቸውን ይጽፋሉ፣ ሁሉም ጽፎ እስኪጨርስ ግን ማንም አይናገርም፣ ፊቱንም አያጨማድድም። አንድ አንጋፋ ቀማሽ "እም" ካለ ጠረጴዛው በሙሉ ይከተለዋል ይላሉ እትዬ። ስለዚህ ቀለበቱ ይወልቃል፣ ቁጥር ይሰጠዋል፣ ወረቀት ይታደላል። የወረቀቱ የመጀመሪያ መስመር "ጉድለት" የሚል ነው፤ ሙገሳው ከታች ነው። ባለቤቱ መጀመሪያ "ሲጋር እኮ ለመዝናናት ነው" ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው፤ ደንበኛው ሊዝናና ይችላል፣ ግዢ የሚወስነው ሰው ግን ሥራ ላይ ነው ያለው።

በመጀመሪያው ዙር ወረቀቶቹ ሲሰበሰቡ ጉድ ወጣ። ባለቤቱ ለዓመታት ለራሱ የሚያጨሰውን ሲጋር ሦስታችን "የረጠበ ካርቶን" ብለን ጽፈንበታል። ከራሱ ወረቀት ላይ የሰፈረው ደግሞ "ምንም የለውም" የሚል ነበር። ቁጥሩና ስሙ ሲገናኝ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ዛሬም ያንኑ ሲጋር ያጨሳል፤ ወዳጅነት ነው እንግዲህ።

ሁለቱ ሣጥኖች ወራት ቆይተው ሲከፈቱ እትዬ አስቀድመው አሸተቱና "አሁን ድርቆሽ ሆኗል፤ ለኩሱት" አሉ። መውጋቱ ጠፍቷል። እኔ ኮኮዋ ጻፍኩ፤ ወኪሉ ያለው ትዝ ብሎኝ ይሁን በእውነት ቀምሼው ዛሬም እርግጠኛ አይደለሁም። ባለቤቱ የተጠበሰ ለውዝ ጻፈ፤ ያ ስኳር ውኃ የጠጣው ወጣት በዚህ ጊዜ በልቶ ስለመጣ እስከ መጨረሻው ሲሶ ደርሶ ጥቁር ቡና ጻፈ። እትዬ ወረቀቶቹን አገላብጠው "ጉድለት በሚለው ላይ ሁላችሁም ባዶ ነው የተዋችሁት፤ ሌላው ላይ ብትለያዩ ምን ቸገረን" አሉ። ሣጥኖቹም በዚያው ሳምንት ዋጋ ተለጠፈባቸው።

ወኪሉ አሁንም ይመጣል፣ ታሪኩንም እንደ ወትሮው አሳምሮ ይተርካል፤ እኛ ግን የምናዳምጠው ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው።