ለሁለት ይከፈል የነበረው መስኮት የት ገባ?

ሥራዬ የሕግ ሰነድ መተርጎምና ማረም ነው። በነጋሪት ጋዜጣ የሚወጡ አዋጆችን ያነበበ ሰው እንደሚያውቀው፣ አንቀጽ 2 አብዛኛውን ጊዜ የትርጓሜ አንቀጽ ነው። «ባለሥልጣን» የተባለው የትኛው መሥሪያ ቤት እንደሆነ፣ «ሰው» ሲባል የተፈጥሮ ሰው ብቻ ነው ወይስ በሕግ የሰውነት መብት የተሰጠውንም አካል ይጨምራል የሚለው ጉዳይ እዚያው ላይ ተወስኖ ያልቃል። ስለዚህ ከዚያ በኋላ የሚመጡትን አንቀጾች የሚተረጉም ሰው ዓይኑን ከአንቀጽ 2 ላይ ማንሣት አይችልም። ለዘጠኝ ዓመታት በአንድ የፒዲኤፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ስጠቀም የኖርኩትም በዚህ ምክንያት ነበር፤ አንዱን ሰነድ በአግድም ለሁለት ከፍሎ ስለሚያሳይ፣ ከላይ አንቀጽ 2ን አስቀምጬ ከታች አንቀጽ 47ን አነብባለሁ፤ መካከሉ ላይ ያለውን ቀጭን መስመር በማውስ ይዤ ስጎትተው አንዱ ክፍል ይሰፋል፣ ሌላው ይጠባል።

ባለፈው ክረምት አንድ ሰኞ ጠዋት ፕሮግራሙን ስከፍተው ራሱን አድሶ ጠበቀኝ። መልኩ በእርግጥ አምሯል። እጄ እንደ ልማዱ ወደ ሜኑው ሄደ፤ ከላይ አራተኛው ላይ ይገኝ የነበረው ትእዛዝ ግን የለም። ቦታው የተለወጠ መስሎኝ ሴቲንጉን ከዳር እስከ ዳር ፈተሽኩት፤ ፕሮግራሙን ዘግቼ ከፈትኩት፤ የአቋራጭ ቁልፎቹን ዝርዝር አውጥቼ አንድ በአንድ ሞከርኩ። አገልግሎቱ ጨርሶ እንደተነሣ የገባኝ ከአንድ ሰዓት በላይ ከደከምኩ በኋላ ነው። አዲሱን እትም የሚያስተዋውቀው መግለጫ ስለ አዲሱ ገጽታ በሰፊው ያትታል፤ ስለተነሣው ነገር ግን አንድም መስመር አልተጻፈበትም። በዚያ ሳምንት የማስረክበው 60 ገጽ ያህል ሰነድ ስለነበረኝ፣ አንቀጽ 2ን በወረቀት አትሜ ከኪቦርዱ አጠገብ አስቀመጥኩና በዚያው ጨረስኩት።

ይህን ያጫወትኳቸው ሰዎች «ትንሽ ነገር እኮ ናት፣ ትለምደዋለህ» አሉኝ። ነገሩ ትንሽ አይደለም። ሸማኔ መወርወሪያውን ሲወረውር ዓይኑ ያለው ድሩ ላይ ነው፤ እጁ ምን እንደሚሠራ ማሰብ ካቆመ ዓመታት ተቆጥረዋል። የረጅም ጊዜ የኮምፒውተር ተጠቃሚም እንዲሁ ነው። ትእዛዙን የምንፈልገው በሐሳባችን ሳይሆን በእጃችን ስለሆነ፣ ሐሳባችን በሙሉ ሥራው ላይ ያርፋል። አንድ አገልግሎት ሲነሣ አብሮ የሚጠፋው ይህ ያለ ድካም የመሥራት ችሎታ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰው በጊዜውና በጥረቱ ያፈራው እንጂ ከፕሮግራሙ ጋር በነፃ የተሰጠው አይደለም።

ከእኔ ጉዳይ እጅግ የሰፋና ብዙ ሰው የሚያውቀው ምሳሌ የዊንዶውስ ታስክባር፣ ማለትም የተከፈቱ ፕሮግራሞች የሚደረደሩበት የስክሪን ጠርዝ ላይ ያለው ረጅም ሰሌዳ ነው። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ታስክባር በ1995 ከዊንዶውስ 95 ጋር ሲመጣ፣ ከስክሪኑ አራት ጠርዞች ወደፈለግንበት ጎትተን ልንወስደው እንችል ነበር። ዊንዶውስ 11 በኦክቶበር 2021 ሲወጣ ግን ታስክባሩ ከታች ተቸንክሮ ቀረ። ወደ ጎን የሚያስቀምጡት ሰዎች ይህን የሚያደርጉት ለጌጥ አይደለም። የዛሬ ስክሪኖች ወደ ጎን ሰፊ፣ ወደ ቁመት አጭር ናቸው፤ ጽሑፍ የሚያነብ ሰው ደግሞ የሚያጥረው ቁመቱ ነው። ታስክባሩን ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲያዞሩት ስክሪኑ ላይ አንድ ሁለት መስመር ይጨመራል። ቀኑን ሙሉ ለሚያነብ ሰው ይህ ብዙ ነው።

ምክንያቱ ተንኮል አልነበረም። ታስክባሩ እንደ አዲስ ስለተጻፈ፣ አሮጌው ይሠራቸው ከነበሩት ነገሮች እንደገና ያልተሠሩት በዚያው ቀሩ። በ2022 የማይክሮሶፍት የምርት ኃላፊዎች ሲጠየቁ፣ ታስክባሩ ወደ ጎን ሲዞር ፕሮግራሞች ሁሉ ራሳቸውን ከአዲሱ ቦታ ጋር ማስተካከላቸው ከባድ ሥራ እንደሆነና አገልግሎቱን የሚፈልጉት ሰዎች ከሌሎች ጥያቄዎች አንጻር ጥቂት እንደሆኑ አስረዱ። ተጠቃሚው አጥብቆ የጮኸባቸው ሌሎች ነገሮች ግን ተመልሰዋል፤ ፋይልን ጎትቶ ታስክባሩ ላይ መጣል በ2022፣ የተከፈቱ መስኮቶችን ሳይደራረቡ ከነስማቸው ማሳየት ደግሞ በ2023። የስታርት ቁልፍም ቢሆን በ2012 ከዊንዶውስ 8 ተነሥቶ በዓመቱ በ8.1 ተመልሷል፤ ሙሉው የስታርት ሜኑ ግን እስከ 2015 መጠበቅ ነበረበት።

«ጥቂት ናቸው» የሚለው ምላሽ ላይ ቆም ማለት እፈልጋለሁ። ቁጥሩ ስንት ሰው እንደሚጠቀም ይናገራል፤ የሚጠቀመው ሰው ቀኑን ምን ያህል በእሱ ላይ እንደሚያሳልፍ ግን አይናገርም። ፕሮግራሙን በወር አንዴ ደረሰኝ ለማየት የሚከፍተው ሰው አንድ ነው፤ በቀን ስምንት ሰዓት ሰነድ እያነጻጸረ የሚውለውም አንድ ሆኖ ይቆጠራል። በዚያ ላይ እያንዳንዳችን የተለያየ ነገር የምንወድ ጥቂቶች ነን። መስኮት መክፈል የሚወዱት ጥቂት ናቸው ተብሎ እሱ ከተነሣ፣ በቀለም ማስመር የሚወዱትም ጥቂት ናቸው ተብሎ ያም ከተነሣ፣ መጨረሻ ላይ ያልተከፋ ተጠቃሚ አይገኝም።

ሠሪዎች ምንጊዜም ምንም ነገር አያንሡ ማለቴ አይደለም። የኢንተርኔት ማሰሻው ፋየርፎክስ በኖቬምበር 2017 እትም 57ን ሲያወጣ በላዩ የሚጫኑት አሮጌዎቹ ተጨማሪ ፕሮግራሞች በሙሉ መሥራት አቆሙ፤ ብዙ ሰው አዘነ። ነገር ግን አሮጌው አሠራር የፍጥነትና የደኅንነት እንቅፋት እንደሆነ ሠሪው ሞዚላ ከሁለት ዓመት አስቀድሞ ተናግሮ ነበር። አስቀድሞ የተነገረው ሰው መፍትሔውን ይፈልጋል፣ ሥራውን ያመቻቻል። እኔን ሰኞ ጠዋት የጎዳኝ ከመነሣቱ ይልቅ አለመነገሩ ነው።

ኮዱን ማንም ወስዶ ሊያሻሽለው የሚችለው የነፃ ሶፍትዌር ተጠቃሚዎች በዚህ በኩል ይሻላሉ። በ2011 ኖም የሚባለው የሊኑክስ ዴስክቶፕ በሦስተኛው እትሙ (ኖም 3) የለመዱትን ገጽታ ሲለውጥባቸው፣ አንዳንዶች የኖም 2ን ኮድ ወስደው ማቴ የሚባለውን ዴስክቶፕ መሠረቱ፤ ዛሬም ይሠራል። የእኔ ፕሮግራም ኮዱ የተዘጋ ስለሆነ ይህ በር የለኝም። በአሮጌው እትም ላይ እንዳልቆይም የደኅንነት ማሻሻያው ይቋረጣል፤ ዊንዶውስ 10ም ቢሆን መደበኛ ድጋፉ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል።

ለፕሮግራሙ ሠሪዎች ደብዳቤ ጽፌያለሁ። አንቀጽ 2ን ከላይ፣ አንቀጽ 47ን ከታች አድርጌ ያነሣሁትን የድሮ የስክሪን ምስል አያይዤ፣ አገልግሎቱን ይመልሱት ዘንድ፣ የማይመልሱት ከሆነም ምክንያቱን ይነግሩኝ ዘንድ በትሕትና ጠይቄያለሁ። እስከዚያው አሮጌውን እትም ኢንተርኔት ከማይገናኘው የቀድሞ ላፕቶፔ ላይ ጭኜ ከዋናው ኮምፒውተር በስተግራ አስቀምጬዋለሁ። ሰነዱን በፍላሽ አሻግርለትና፣ እየተረጎምኩ አንገቴን ወደ ግራ እያዞርኩ አንቀጽ 2ን እዚያ ላይ አያለሁ።