ሰዓቱ የቆመበት ክፍል

ዛሬ ኢስታንቡል ውስጥ ዶልማባቼ ቤተ መንግሥት ስዞር ዋልኩ። እግሬ እስካሁን ይጠዘጥዘኛል። ቀልድ አይደለም፣ 285 ክፍል አለው!

ስሙ «የተሞላ የአትክልት ቦታ» እንደማለት ነው። ቦታው ድሮ የቦስፎረስ ወሽመጥ ነበር፤ ሞልተው መሬት አደረጉት። የኦቶማን ቱርኩን ሱልጣን አብዱልመጂድን አሮጌው ቤተ መንግሥት፣ ቶፕካፒ፣ አላረካቸውም፤ እንደ አውሮፓ ነገሥታት መኖር አማራቸው። ግንባታው ከ1843 እስከ 1856 እ.ኤ.አ. ወሰደ። ለጣሪያው ማስጌጫ ብቻ 14 ቶን ወርቅ ፈሷል ይባላል። ገና ሳያልቅ፣ በ1854፣ መንግሥታቸው ለክሪሚያ ጦርነት ብሎ ለመጀመሪያ ጊዜ ከውጭ ተበደረ። በ1875 ደግሞ ዕዳውን መክፈል አቃተው። ያን ሁሉ ወርቅ ሳይ ይሄ ነገር ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ትልቁ አዳራሽ ውስጥ 4.5 ቶን የሚመዝን የክሪስታል መብራት ተንጠልጥሏል። ከሥሩ መቆም ትንሽ ፈራሁ። የንግሥት ቪክቶሪያ ስጦታ ነው ሲባል ኖሮ በኋላ ደረሰኙ ተገኘ። ለካ ተከፍሎበታል!

የያዘኝ ግን የቱርክ ሪፐብሊክ መሥራች አታቱርክ ኖቬምበር 10 ቀን 1938 ያረፉበት ክፍል ነው። አልጋው የቱርክን ባንዲራ ለብሷል። ሰዓቱ ባረፉበት ደቂቃ፣ 9:05 ላይ ቆሟል፤ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 3 ሰዓት ከ5 መሆኑ ነው። ሲንጫጫ የመጣው ጎብኚ ሁሉ እዚያ ሲደርስ ዝም አለ። አንዲት እናት እንባቸውን በሻሻቸው ጠረጉ።

ስወጣ ባሕሩ ዳር ተቀምጬ ሻይ ጠጣሁ። ሻዩ ጥሩ ነው። ዋጋው ግን የሱልጣን ነው።