የሲያንግዙ ሒሳብ

የቻይናዊውን ደራሲ የላኦ ሸን «የሪክሾ ጎታች» (ሪክሾ ማለት ሰው የሚጎትተው የሰው መጫኛ ጋሪ ነው) ያነበበ ሰው መጀመሪያ የሚያወራው ስለ ሦስቱ ግመሎች ነው። እኔን የያዘችኝ ግን ጋኦ ማ የምትባል የቤት ሠራተኛ ናት። የልቦለዱ ዋና ሰው፣ ሪክሾ ጎታቹ ሲያንግዙ፣ ያገኛትን ሳንቲም ሁሉ ሸክላ ውስጥ ሲከት ታየውና ትመክረዋለች። ሰው ሰብስብ፣ ቢበዛ ሃያ ይሁኑ፣ እያንዳንዳቸው በወር ሁለት ዩዋን ያዋጡ፣ የመጀመሪያውን ዙር አንተ ውሰድ፤ አርባ ገደማ ባንድ ቀን እጅህ ይገባል፣ ካለህ ጋር ደምረህ ሪክሾህን ትገዛለህ ትለዋለች። ዕቁብ ነው እኮ! በ1930ዎቹ በተጻፈ ልቦለድ፣ ቤጂንግ ውስጥ፣ ከነአሠራሩ። (ዓመቶቹን ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው የምጽፈው።)

ለምን እንደገረመኝ ልንገራችሁ። አራት ኪሎ ፎቶኮፒ ቤት አለኝ። ፊት ለፊት ተራ ይዘው ከሚጭኑት የታክሲ ሾፌሮች ጋር ዕቁብ እጥላለሁ። ጽሕፈቴ ያምራል ተብዬ ጸሐፊ ሆኛለሁ። ጸሐፊነት ክብር ይመስላል እንጂ ሥራው ዕጣ ከወጣለት በኋላ ስልኩን ያጠፋን ሰው ማሳደድ ነው። ድሮ ዕጣ የምናወጣው ዶሮ ማነቂያ ያለች ሻይ ቤት ነበር፤ ሰፈሩ ከፈረሰ ወዲህ እኔ ሱቅ ውስጥ፣ በወረቀት ካርቶኖች ላይ ተቀምጠን ነው።

እና ይህን ልቦለድ እንደ ዕቁብ ደብተር ነው ያነበብኩት። መጀመሪያ በ1936 እና 1937 በመጽሔት በተከታታይ ነው የወጣው። ሲያንግዙ የገጠር ልጅ ነው፤ ጠንካራ፣ ዝምተኛ፣ ሐሳቡ ሁሉ የራሱ ሪክሾ። ሊዩ የሚባል ስድሳ ምናምን ሪክሾ ያለው ጉልበተኛ ሰውዬ ዘንድ አድሮ የሰው ሪክሾ ይጎትታል፣ በየቀኑ ገቢ ያስገባል። ገቢ ምን ማለት እንደሆነ ለታክሲ ሾፌር አይነገረውም። ሦስት ዓመት አጠራቅሞ በ96 ዩዋን ገዛ። ወታደሮች እሱንም ሪክሾውንም ወሰዱ። ሲያመልጥ ሦስት ግመል እየነዳ ወጣና በ35 ዩዋን ሸጣቸው። እንደገና መቆጠብ ጀመረ፤ ሸክላው ውስጥ ያለውን ሱን የተባለ ሰላይ አስፈራርቶ ተቀበለው። ሁለተኛው ሪክሾ በሚስቱ በሁኒዩ ገንዘብ የተገዛ ነው። ሁኒዩ በወሊድ ሞተች፤ ሪክሾው ተሸጦ ተቀበረች።

ላኦ ሸ ገንዘብ የሚቆጥር ደራሲ ነው፤ የምወድለትም ይህንን ነው። አባቱ የማንቹ ወታደር ነበር፤ በ1900 የውጭ ጦር ቤጂንግ ሲገባ ተገደለ። እናቱ የሰው ልብስ እያጠበች አሳደገችው። በ1920ዎቹ ለንደን ቻይንኛ ሲያስተምር ነው ልቦለድ መጻፍ የጀመረው። የድህነትን ዋጋ ከነሳንቲሙ የሚያውቅ ሰው ነው የጻፈው።

አሁን ወደ እንግሊዝኛው። መጀመሪያ ያነበብኩት ሃዋርድ ጎልድብላት በ2010 ያሳተመውን ትርጉም ነው፤ የኖቤል ተሸላሚውን የሞ ያንን ሥራዎች ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያደረሰው ሰው ነው። ከዚያ ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጽሐፍ ከሚዘረጉት ልጆች አንዱ ጋ የ1945ቱን እትም አገኘሁ። ሽፋኑ ተገንጥሏል፤ ልጁ ግን «ጥንታዊ ነው» ብሎ ዋጋው ላይ ሙጭጭ አለ። ተርጓሚው ኢቫን ኪንግ ይላል፤ የአንድ አሜሪካዊ ዲፕሎማት የብዕር ስም ነው። መጽሐፉ አሜሪካ ውስጥ በጣም ተሸጧል፤ ላኦ ሸም በማግስቱ ዓመት ተጋብዞ ወደዚያው ሄደ።

መጨረሻው ላይ ስደርስ ግን ሌላ መጽሐፍ የያዝኩ መሰለኝ። ላኦ ሸ በጻፈው ሲያንግዙ የሚወዳት ሺያኦ ፉዙ፣ ድህነት ሴተኛ አዳሪ ቤት የጣላት ልጅ፣ ራሷን ሰቅላ ትሞታለች። እሱም ይበሰብሳል፤ ያመነውን ሰው በገንዘብ አሳልፎ ይሰጣል፣ በመጨረሻ በሠርግና በቀብር ሰልፍ ላይ ጌጥ እየተሸከመ የሲጋራ ቁራጭ የሚለቅም ሰው ይሆናል። በኪንግ መጽሐፍ ደርሶ ያድናታል። ተያይዘው ይሄዳሉ። ነጻ! ኪንግ ቀጥሎ ሌላ ልቦለዱን ሲነካካበት ላኦ ሸ ቆርጦ ተነሣ፤ በ1948 የዚያኑ ሌላ ልቦለድ የራሱ ፈቃድ ያለበት ትርጉም በሄሌና ኩዎ አስወጣ።

አሜሪካኖቹን ብቻ መሳደብ ደግሞ ልክ አይደለም። በ1955 ቤጂንግ ውስጥ መጽሐፉ ሲታተም የመጨረሻው ምዕራፍ ተኩል ገደማ ተቆርጦ ወጣ። አዲሱ የኮሚኒስት ሥርዓት ተስፋ የሌለው ሠራተኛ አልፈለገም፤ ደራሲው ራሱም ለድሆቹ መውጫ አላሳየሁም ብሎ ተጸጽቶ ጽፏል። አንዱ ጣፋጭ ሲጨምር ሌላው መራራውን ቀነሰ፤ መቀሱ ያረፈው እዚያው ቦታ ነው። ላኦ ሸን በነሐሴ 1966 ቀይ ዘቦች የሚባሉት የማኦ ወጣት ተከታዮች ደበደቡት፤ ብዙም ሳይቆይ ሐይቅ ውስጥ ሞቶ ተገኘ። ስለዚህ ብዙ ማለት አልፈልግም።

ታሪኩን ዕጣ በምናወጣበት ቀን ለሾፌሮቹ ነገርኳቸው። አንዱ ወጣት የኪንግን መጨረሻ ወደደ፣ «ሰውየው ትንሽ ይረፍበት እንጂ» አለ። ዳኛችን ግን ቀብሩ ላይ ቆመ።

«ሚስቱን ለመቅበር ሪክሾውን ሸጠ ነው የምትዪኝ?»

«አዎ ጋሼ።»

«እድር የለውም እንዴ?»

እንዲህ ያለ ጥያቄ በስንት ሐያሲ ገጽ ፈልጌ አጥቼዋለሁ። ሐያሲው ሲ ቲ ሺያ በ1961 ባወጣው የዘመናዊ ቻይና ልቦለድ ታሪክ ይህን መጽሐፍ ከፍ አድርጎ አስቀምጦታል። ያ የሺያ መጽሐፍ ደራሲዎቹን እነ አይሊን ቻንግንና ሼን ሶንግዌንን ለእንግሊዝኛ አንባቢ ያስተዋወቀ ነው፤ ቼኩ ምሁር ፕሩሼክ ፖለቲካህ ሚዛንህን አጣመመው ብሎ ተከራክሮታል። ክርክሩ ደስ ይላል፣ ግን ሁለቱም እኔ ሱቅ ካርቶን ላይ ተቀምጠው አያውቁም።

እኔ የምጣላው ከራሱ ከላኦ ሸ ጋር ነው፣ በመጨረሻው ዓረፍተ ነገር። ያን ሁሉ ሒሳብ ካሳየን በኋላ ሲያንግዙን ራስ ወዳድ፣ ለብቻ የመኖር አባዜ መጨረሻ ላይ ያደረሰው ሰው ብሎ ይፈርድበታል። እውነት ነው፣ ሲያንግዙ የጋኦ ማን ምክር አልሰማም፤ ሰው አያምንም፣ ገንዘቡ በእጁ እንዲሆን ነው የሚፈልገው። ጓደኛም የለው፣ እድርም የለው። ግን ፍርዱ ከደብተሩ ጋር አይገጥምም። የመጀመሪያውን ሪክሾ የወሰደው ወታደር ነው፣ ሁለተኛውን ቁጠባ የወሰደው የመንግሥት ሰላይ። ለብቻው መኖሩ የትኛውን ወሰደበት? እድር ቢኖረው ለቀብሩ የሸጣትን ሪክሾ ምናልባት ያተርፋት ነበር፤ ዳኛችን በዚህ ልክ ነው።

ዕቁቡን ግን ጠርቶ፣ አርባውን በመጀመሪያው ዙር በልቶ ሪክሾ ገዝቷል እንበል። ሱን መጥቶ ሪክሾውን አስሽጦ ብሩን ይቀበለዋል። ሲያንግዙም የአሥራ ዘጠኝ ሰው ባለዕዳ ሆኖ ይቀራል፤ ስልክ ቢኖረው ኖሮ የሚያጠፋው ያኔ ነው፣ የማሳድደውም እኔ።