እርስዎ ይንገሩኝ

ሰው የሚቀየመኝ ገና ከበሩ ነው። አባቱን ይዞ የመጣ ልጅ አብሮ ሊገባ ሲል «አንተ እስቲ ትንሽ ውጭ ጠብቀን» እለዋለሁ። ፊቱ ይለዋወጣል። «ቀጠሮ ያስያዝኩት እኮ እኔ ነኝ፤ የምከፍለውም እኔ ነኝ» የሚለኝ አለ። እውነቱን ነው። የሚከፍለው እሱ ነው፤ ደንበኛዬ ግን አባቱ ናቸው። በጠበቃነት አረጋውያንንና የቀድሞ ወታደሮችን ማገልገል ከጀመርኩ ወዲህ ይህን አንድ ነገር ሳስረዳ የደከምኩትን ያህል በየትኛውም ክርክር ደክሜ አላውቅም።

አብዛኞቹ ልጆች ክፉ አይደሉም። ከሥራ አስፈቅደው፣ ወላጃቸውን ደግፈው፣ መድኃኒቱን በቦርሳ ይዘው ነው የሚመጡት። ችግሩ ማገዝ ለምደው መናገሩንም መውሰዳቸው ነው። ስም ስጠይቅ እንኳ የሚመልሱት እነሱ ናቸው። ሽማግሌውም ይለምዱታል። አንድ ነገር በጠየቅኳቸው ቁጥር ዓይናቸው ወደ ልጁ ይሄዳል።

በሩ ተዘግቶ ሁለታችን ስንቀር መጀመሪያ ዝምታ አለ። እኔም አልቸኩልም። ከዚያ «እንግዲህ ልጄ፣ እውነቱን ልንገርሽ» ይመጣል። እውነቱ ብዙ ጊዜ ጉድ የሚያሰኝ አይደለም። ቤቱ እንዲሸጥ አይፈልጉም። ወይም ይሸጥ ብለው ልጆቹ እምቢ ብለዋቸዋል። ወይም ሌሊት እየተነሣች የምታገላብጣቸው ልጃቸው ከሌሎቹ ትንሽ ከፍ ያለ ድርሻ እንድታገኝ ይፈልጋሉ፤ ግን ይህን በሌሎቹ ፊት መናገር ከበዳቸው።

አንዳንዴ ግን ጉድ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው ዕድሜያቸው 60 እና ከዚያ በላይ ከሆኑ 6 ሰዎች አንዱ በአንድ ዓመት ውስጥ የሆነ ዓይነት በደል ይደርስበታል። ድብደባ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የገንዘብ ብዝበዛም አለበት፣ ስድብም፣ ችላ መባልም። እኔ ዘንድ የሚመጣው በአብዛኛው የገንዘቡ ነው። መሣሪያውም ያው ውክልና ነው። አንዲት እናት «ባንክ እንዳልመላለስ ብዬ ፈረምኩ» አሉኝ። ወረቀቱን ሳነበው ባንክ ብቻ ሳይሆን መሸጥ፣ መለወጥ፣ በስጦታ ማስተላለፍ ሁሉ ተጽፎበታል። ለማን? ለራሱ ለተወካዩም ጭምር። ይህን ያነበበላቸው ሰው አልነበረም።

ስለዚህ ውክልና ሳዘጋጅ ነገር አበዛለሁ፤ ደንበኞቼም ይህን ያውቁብኛል። የሚያስፈልገው ባንክ ከሆነ ባንክ ብቻ ይጻፍ። ስጦታ የሚለው ይውጣ። ተወካዩ ሒሳቡን ለሌላ ሰው፣ ለምሳሌ ለእህቱ፣ እንዲያሳይ ይጻፍ። ልባቸውና አእምሯቸው እስካለ ድረስም ሊሽሩት እንደሚችሉ ጮክ ብዬ እነግራቸዋለሁ። ብዙዎቹ አንዴ ከፈረሙ በኋላ ያለቀለት ይመስላቸዋል። ልጆቹ ደግሞ በተቃራኒው ከቀብር በኋላም የሚሠራ ይመስላቸዋል። ወካዩ ሲሞት ውክልናው አብሮ ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ያለው የውርስ ጉዳይ ነው።

ከሁሉ የሚያስጨንቀኝ የአእምሮ ችሎታ ጥያቄ ነው። «አባታችን እኮ ይረሳሉ፤ እንዴት ይናዘዛሉ?» ይሉኛል። መርሳትና አለመቻል አንድ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1870 የእንግሊዝ ፍርድ ቤት የወሰነው የባንክስና የጉድፌሎው ጉዳይ ዛሬም በብዙ አገር ይጠቀሳል። ተናዛዡ ባንክስ የሞተ ሰው ያሳድደኛል ብሎ የሚያምን፣ አጋንንት ይታዩኛል የሚል ሰው ነበር። ኑዛዜው ግን ጸና። ምክንያቱም እየተናዘዘ መሆኑን ያውቃል፣ ያለውን ንብረት ያውቃል፣ ሊያስባቸው የሚገባቸውን ዘመዶች ያውቃል፤ ቅዠቱም ውሳኔው ውስጥ አልገባም። እኔ የዛሬ ቀን ስንት እንደሆነ ለጠፋቸው ሽማግሌ ስለ ልጆቻቸው እንዲነግሩኝ ስጠይቃቸው የእያንዳንዱን ጠባይ፣ ማን ተበድሮ እንዳልመለሰ ሳይቀር ዘርዝረውልኛል። ቀኑን የቀን መቁጠሪያ ይንገራቸው።

ሰዓቱም ቦታውም ልዩነት አለው። የመርሳት በሽታ ያለባቸው ብዙዎች ወደ ማታ ይብስባቸዋል፤ ስለዚህ ቀጠሮዬ ጠዋት ነው። ጆሮ የከበዳቸውን ሰው መጮህ አይጠቅማቸውም። በዕድሜ መጀመሪያ የሚጠፋው ቀጭን ድምፅ ስለሆነ ወፈር አድርጌ፣ ቀስ ብዬ፣ ፊቴን ወደ ብርሃን አዙሬ ነው የማወራው። ትናንት ደህና የነበሩ ሰው ዛሬ ድንገት ከተዘባረቁብኝ ደግሞ ብዕሬን አስቀምጬ ሐኪም ይያቸው እላለሁ። የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን እንኳ አረጋዊን እንዲህ ያደርጋል። ሲሻላቸው ይመለሳሉ።

የቀድሞ ወታደሮች ሌላ ናቸው። እነሱን መናገሩን ማንም አልቀማቸውም፤ ራሳቸው ናቸው የማይናገሩት። ቁስላቸውን ስጠይቅ መልሱ አንድ ዓይነት ነው። «እኔ ምን ሆንኩ? ያልተመለሱ አሉ እኮ።» ይህን የሚለው ሰው አንድ ጆሮው አይሰማም፣ ደረጃ ሲወጣ ሁለት ጊዜ ያርፋል። የጉዳት ካሳ ወይም ጡረታ ሲጠይቅ የሌላውን ድርሻ የነጠቀ ይመስለዋል። በዚህ ላይ መከራከር ትቻለሁ። «ለእርስዎ ካልሆነ ለባለቤትዎ እንሙላው» ስል ይሻላል፤ ወታደር ለሌላ ሰው ሲሆን ቶሎ ይነሣል።

ከዚያ የወረቀቱ ጣጣ ይመጣል። ማገልገሉን፣ በአገልግሎት ላይ መጎዳቱን፣ የዛሬው ሕመምም ከዚያ ጉዳት የመጣ መሆኑን ማሳየት ያስፈልጋል። የሚያስቸግረው ሦስተኛው ነው፤ አንዳንዴ ግን የመጀመሪያውም ይጠፋል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1973 አሜሪካ ውስጥ በሴንት ሉዊስ የወታደሮች መዝገብ ቤት ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን የሚሆን የግል ማኅደር ወደመ። ቅጂ አልነበረውም። እዚያ ያሉ የሙያ ባልደረቦቼ እስከ ዛሬ ከደመወዝ መዝገብና ከየክፍሉ የዕለት ሪፖርት እየለቃቀሙ የሰውን አገልግሎት ያስመሰክራሉ። የጥንት ሮማውያን ተሽለው ነበር። 25 ዓመት ላገለገለ ረዳት ወታደር መብቱን የሚያሳይ ጽሑፍ በሁለት የነሐስ ሰሌዳ ቀርጸው፣ በሰባት ምስክር ማኅተም አሽገው ይሰጡት ነበር። ዛሬም ከመሬት ይወጣል። የእኔ ደንበኞች የስንብት ወረቀት ግን በፌስታል ታጥፎ ነው የሚመጣው፤ እጥፋቱ ላይ ያለው ፊደል አይነበብም።

የአእምሮ ቁስል ሲሆን ደግሞ የድሮው ማኅደር ቢገኝም አይናገርም። ከአደጋ በኋላ የሚመጣው የጭንቀት ሕመም በአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር መመሪያ ውስጥ በዛሬ ስሙ የገባው እ.ኤ.አ. በ1980 ነው። ከዚያ በፊት በተጻፈ ወረቀት ላይ ይህን ስም መፈለግ ከንቱ ነው። እንቅልፍ ማጣቱን፣ ጠቡን፣ መጠጡን፣ ከሥራ ሥራ መቀያየሩን ነው የምፈልገው።

እዚህ ላይ የራሴን ደንብ አፈርሳለሁ። ለሌሎቹ ቤተሰብ የማስወጣው እኔ፣ ወታደሩ ከፈቀደ ሚስቱን አስገባለሁ። እሱ «እተኛለሁ፣ ደህና ነኝ» ይላል። እሷ «ጀርባውን ለበር ሰጥቶ ተቀምጦ አያውቅም፤ በሌሊት ሲነሣ እንዳይነኩት ልጆቼን አስተምሬ ነው ያሳደግኳቸው» ትላለች። እሱ ያፈጥጥባታል። እኔ እጽፋለሁ።

በቅርቡ ከእንዲህ ያሉ አንድ አዛውንት ጋር ቃላቸውን ስናዘጋጅ ግማሽ ቀን ተከራከርን። «ይሠቃያሉ» ብዬ ስጽፍ «አውጪው» አሉ። «ትንሽ ያመኛል» ይባልልኝ አሉ። በዚያ ማንም አይወስንላቸውም። በመጨረሻ ሁለቱንም ተውነው። ስንት ሰዓት እንደሚተኙ፣ ምን ድምፅ እንደሚያስነሣቸው፣ ገበያ መግባት መቼ እንዳቆሙ ብቻ ጻፍን። አነበቡት። «ይኼ እውነት ነው» ብለው ፈረሙ።

ማመልከቻው ገብቷል፤ መልሱ ወራት ይፈጃል። ባለቤታቸው ምን ደረሰ እያሉ በየጊዜው ይደውሉልኛል። እሳቸው አንድም ቀን አልደወሉም።