ገና ሁሌ ጃንዋሪ 7 ነው ያለው ማነው?

ጳጉሜ ስንት ቀን ናት? በ2012 ዓ.ም. 5 ነበረች። በ2013ም 5፣ በ2014ም 5። ይህን ብቻ ያየ ልጅ «ጳጉሜ ሁሌ 5 ቀን ናት» ቢል አይፈረድበትም። ያደረገው ነገር ኢንዳክሽን ይባላል፤ የተወሰነውን አይቶ ስለ ሁሉም መናገር ማለት ነው። ከዚያ 2015 መጣና ጳጉሜ 6 ሆነች። ከዲዳክሽን (መነሻው እውነት ከሆነ ድምዳሜውም የግድ እውነት ከሚሆንበት አካሄድ) የሚለየው እዚህ ጋ ነው፤ ያየኸው ሁሉ እውነት ሆኖ ድምዳሜህ ግን ገደል ሊገባ ይችላል።

«ልጁ ሦስት ዓመት ብቻ ስላየ ነዋ!» ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ፣ ትንሽ ቢቆይ በየአራት ዓመቱ አንዴ 6 እንደምትሆን ይደርስበት ነበር፣ እሱም ኢንዳክሽን ነው፣ የተሻለው። ግን ብዙ ማየት ብቻውን አያድንም።

ገናን ውሰዱ። በኛ ታኅሣሥ 29፣ በዘመነ ዮሐንስ ደግሞ 28፣ በፈረንጅ ግን ሁሌ ጃንዋሪ 7። ዛሬ በሕይወት ያለ ሰው ሁሉ ገና ሌላ ቀን ሲውል አላየም። መቶ ምናምን ዓመት አንዴም ሳይዛነፍ! ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ይመጣል?

በፈረንጅ 2101 ግን ጃንዋሪ 8 ይውላል።

እኛ በየአራት ዓመቱ አንድ ቀን እንጨምራለን፣ አለቀ። ፈረንጆቹም ይጨምራሉ፣ ግን በ100 የሚካፈል ዓመት ላይ ሲደርሱ ይዘሉታል፣ በ400 የሚካፈል ካልሆነ በቀር። 2000 በ400 ስለሚካፈል ሳይታወቀን አለፈ። 2100 ላይ ግን ይዘሉታል፣ ያኔ ልዩነታችን በአንድ ቀን ይሰፋል። ልብ በሉ፣ ይህን ያወቅነው ያለፉትን ገናዎች ስንቆጥር ውለን አይደለም። ካላንደሩ ውስጡ እንዴት እንደሚሠራ ስላየን ነው። ለዚህ ነው «ሁሌ እንዲህ ነው» የሚል ሰው ሲገጥመኝ ስንት ጊዜ እንዳየ ሳይሆን ለምን እንደሚሆን የምጠይቀው (አንዳንዱ ይናደዳል፣ ምን ላድርግ)።

ደግሞ ይሄ ነገር ከዚህ በፊትም ሆኗል። የአድዋ ድል የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. ነው፤ የታሪክ መጻሕፍት በፈረንጅ ማርች 1 ቀን 1896 ይሉታል። በዓሉን ዛሬ የምናከብረው ግን ማርች 2 ነው። አንዱ ተሳስቷል ብሎ የሚከራከር አይጠፋም። ማንም አልተሳሳተም፣ መሀል ላይ ፈረንጆቹ የዘለሉት 1900 አለ።