ከቀኑ 11 ሰዓት፣ ባንዲራው ሲወርድ

ጋሼ በአሜሪካ ምድር ጦር ውስጥ 22 ዓመት አገልግለው በሃምሳ አለቅነት ጡረታ የወጡ ጎረቤቴ ናቸው። ስለ ዘመቻ አንድም ቀን አጫውተውኝ አያውቁም፤ ስለ ጥሩንባ ግን ያልነገሩኝ የለም። የማለዳው ጥሩንባ በጀርመን የክረምት ጉም ውስጥ እንዴት ታፍኖ እንደሚሰማ፣ በደቡብ ኮሪያ ከተራራ ጋር ተላትሞ እንዴት ዳግመኛ እንደሚመለስ፣ በካንሳስ ሜዳ ላይ ደግሞ ነፋሱ ግማሹን ወስዶ ግማሹን ብቻ እንደሚያደርስላቸው ሲተርኩ፣ ያገለገሉባቸውን አገሮች ከመልካቸው ይልቅ በድምፃቸው የሚያስታውሱ ይመስለኝ ነበር። ባለፈው የበልግ ወራት፣ ቅጠል በሚረግፍበት ሰሞን፣ «አንድ ጊዜ ይዘኸኝ ሂድ፤ ባንዲራ ሲወርድ ሜዳ ላይ ቆሜ መስማት እፈልጋለሁ» ሲሉኝ ምክንያቱን ሳልጠይቅ እሺ አልኳቸው።

የመረጡት ቦታ በቨርጂኒያ፣ ከፒተርስበርግ ከተማ ብዙም የማይርቅ፣ በወጣትነታቸው የስንቅና ትጥቅ ሙያ የተማሩበት የጦር ሰፈር ነበር። መንገዳችንን ግን ሆን ብለን አዙረን፣ በመጀመሪያው ቀን በባሕሩ ዳርቻ ወደሚገኘው ፎርት ሞንሮ፣ በማግስቱ ደግሞ የሌሊቱ ጥሩንባ ዜማ ወደ ተወለደበት ወደ ጄምስ ወንዝ ዳር ለመሄድ ተስማማን።

ከዋሽንግተን ዳርቻ በማለዳ ተነሥተን ወደ ደቡብ ስንወርድ ጋሼ ስለ ጥሪዎቹ ያስረዱኝ ጀመር። ሰዓት በየሰው እጅ ባልነበረበት ዘመን የወታደሩን ቀን የሚከፋፍለው ጥሩንባ ነበር፤ ለመነሣት፣ ለምግብ፣ ለሕሙማን ሰልፍ፣ ፈረስ ውኃ ለማጠጣት፣ መብራት ለማጥፋት የየራሱ ዜማ ነበረው። ዛሬ በአብዛኛው የጦር ሰፈር በየቀኑ የሚሰሙት ማለዳ ባንዲራው ሲሰቀል የሚነፋው ሬቪሊ፣ አመሻሽ ላይ ቀኑ ሲዘጋና ባንዲራው ሲወርድ ተከታትለው የሚነፉት ሪትሪትና ቱ ዘ ከለር፣ እንዲሁም ሌሊት የመኝታ ሰዓት የሚያውጀው ታፕስ ናቸው። ነፊውም ራሱ በብዙ ቦታ የለም፤ ቀድሞ የተቀዳ ድምፅ በየማዕዘኑ ከተተከለ ድምፅ ማጉያ ይለቀቃል። ጋሼ ይህን ሲናገሩ ቅሬታ አላሰሙም፤ «ነፊ ኖረም አልኖረ፣ የሚያቆምህ ያው ዜማው ነው» አሉኝ።

ሪችመንድን አልፈን ጥቂት እንደ ተጓዝን ያልጠበቅሁትን ነገር ነገሩኝ። «ሰው ሁሉ የሚያወራልህ ስለ ክብሩ ነው። እኔ ግን ወጣት ሳለሁ እሸሸው ነበር። ለ11 ሰዓት አምስት ደቂቃ ሲቀረው በአቅራቢያዬ ባገኘሁት በር ዘው ብዬ እገባለሁ። ውጭ ከተገኘህ ግዴታ ነው፤ መኪና ብትነዳ እንኳ አቁመህ፣ ወርደህ፣ ወደ ባንዲራው ዞረህ ትቆማለህ። ቤት ውስጥ ከሆንክ ግን ማን ያይሃል?» ይህን የሚያደርጉት እሳቸው ብቻ እንዳልነበሩ በኋላ ተረድቻለሁ፤ በዚያው ጉዞ ያነጋገርኳቸው ሁለት የቀድሞ ወታደሮች፣ አንዲት ሴትና አንድ አዛውንት፣ ሳልጠይቃቸው ይህንኑ ነገሩኝ። ሴትየዋ እንዲያውም ከቢሮ ወጥታ መኪናዋ ጋ ለመድረስ የሚበቃትን ደቂቃ አስልታ ትነሣ እንደ ነበር አልደበቀችኝም።

ፎርት ሞንሮ የደረስነው ቀትር ላይ ነው። በ1819 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንደዚሁ ናቸው) መሠራት የጀመረ፣ ዙሪያውን ውኃ በሞላበት ቦይ የታጠረ ግዙፍ የድንጋይ ምሽግ ነው። ጦሩ በሴፕቴምበር 2011 ለቅቆ ወጥቷል፤ ዛሬ ቦታው ብሔራዊ ቅርስ ሆኖ ጎብኚ ይመላለስበታል። በግቢው ባለው ትንሽ የእንጨት ቤተ ጸሎት ውስጥ ታፕስ ለመጀመሪያ ጊዜ በወታደር ቀብር ላይ ሲነፋ የሚያሳይ የመስታወት ሥዕል አለ፤ ከዚያ የበለጠ ግን የያዘኝ የቦታው ጸጥታ ነው። ለሁለት መቶ ዓመት ያህል በየቀኑ ጥሩንባ ሲሰማበት የኖረ ግቢ አሁን የሚሰማበት የባሕር ወፍ ብቻ ነው።

ጋሼ መሸሽ የተዉበትን ቀን የነገሩኝ እዚያ፣ ከምሽጉ ግንብ ላይ ባሕሩን እያየን ነው። ባንዲራ የሚሰቅልና የሚያወርድ ተረኛ ቡድን ውስጥ መመደባቸውን መጀመሪያ እንደ ቅጣት ቆጥረውት ነበር። ገመዱ በውርጭ እንደ ብረት ደርቆ መዳፍ ይልጥ ነበር፤ ነፋስ ባንዲራውን ከምሰሶው ጋር ሲጠመጥመው ሰፈሩ ሁሉ ቆሞ እያየ መፍታት ነበረባቸው። ማለዳ ሲሰቀል ፈጠን ብሎ ይወጣል፤ ማታ ሲወርድ ግን በዝግታ፣ የቱ ዘ ከለር የመጀመሪያ ድምፅ ሲሰማ ጀምሮ በመጨረሻው ድምፅ እጅ ላይ እንዲያርፍ ሆኖ ነው፤ ይህን ልክ ለማምጣት ዜማውን በክንድ ማወቅ ያስፈልጋል። ከሴፕቴምበር 11 ቀን 2001 በኋላ ባንዲራው በሐዘን ዝቅ ብሎ እንዲውለበለብ ሲታዘዝ ተረኛው እሳቸው ነበሩ። ባንዲራ ዝቅ ብሎ ሊሰቀል ሲል አስቀድሞ እስከ ጫፍ ይወጣል፤ ከዚያ ነው ወደ ግማሽ የሚወርደው። «እስከ ጫፍ አውጥቼ መልሼ ሳወርደው፣ ክብደቱ የተለወጠ መሰለኝ» አሉኝ። ከዚያ በኋላ በር ፈልገው ገብተው አያውቁም።

በማግስቱ ጄምስ ወንዝን ተከትሎ በሚሄደው በመንገድ ቁጥር 5 ወደ በርክሊ አመራን። በርክሊ በ1726 የተሠራ ቀይ የጡብ ቤት ያለበት፣ በባርነት የተያዙ ሰዎች ያለሙት ሰፊ ርስት ሲሆን፣ የወንዙ ወደብ ሃሪሰንስ ላንዲንግ ይባላል። በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ በ1862 የጸደይ ወራት፣ የሰሜኑ ወገን የጄኔራል ማክሌላን ጦር ሪችመንድን ለመያዝ ከዚያው ከፎርት ሞንሮ ተነሥቶ ነበር፤ ሰባቱ ቀናት ተብሎ በሚታወቀው ውጊያ ተገፍቶ ወደ 100 ሺህ የሚጠጋ ሰው ይዞ በበጋው በዚህ ወንዝ ዳር ሰፈረ። ሙቀቱ፣ ትንኙና በሽታው ሰፈሩን አስጨንቆት ነበር። ጄኔራል ዳንኤል በተርፊልድ በዚያ ጦር ውስጥ የአንድ ብርጌድ አዛዥ ነበር። ከሳምንት በፊት በጌይንስ ሚል ውጊያ በብርጌዱ ውስጥ የነበረው የ83ኛው የፔንስልቬንያ ሬጅመንት ባንዲራ ሊወድቅ ሲል አንሥቶ የተመናመነውን ሰልፍ አበረታትቷል፤ ቆስሏልም፤ ከብዙ ዓመታት በኋላ የአገሪቱን ከፍተኛ የጀግንነት ሜዳይ ያስገኘለት ይኸው ነው።

ይኸው ሰው መብራት ማጥፊያው የጥሩንባ ጥሪ ደረቅ ሆኖበት፣ በጁላይ አንድ ቀን ኦሊቨር ኖርተን የተባለውን የ22 ዓመት ጥሩንባ ነፊ አስጠራው። ኖርተን የዚያው የ83ኛው ሬጅመንት ወታደር ነበር። ጄኔራሉ በፖስታ ጀርባ ላይ በእርሳስ የተጻፉ ጥቂት ኖታዎች አሳየውና እንዲነፋቸው አዘዘው። ነፋ፤ እንደገና ነፋ፤ ጄኔራሉ አንዱን ድምፅ እያስረዘመ፣ ሌላውን እያሳጠረ፣ እስኪጥመው ድረስ አስደጋገመው፤ ከዚያም ከዚያች ሌሊት ጀምሮ በአሮጌው ጥሪ ፈንታ ይህን እንዲነፋ አዘዘ። ኖርተን ከዓመታት በኋላ በጻፈው ደብዳቤ እንደ ተረከው፣ ድምፁ በጸጥታው የበጋ ሌሊት ከብርጌዱ ወሰን አልፎ ተሰማ፤ በማግስቱም የሌሎች ብርጌዶች ነፊዎች ዜማውን ለመቅዳት መጡ። ጥቂት ቆይቶ ደግሞ እዚያው አካባቢ ጆን ቲድቦል የተባለ የመድፈኛ ሻምበል አንድ ወታደሩን ሲቀብር፣ እንደ ደንቡ ሦስት ጊዜ ጥይት ቢያስተኩስ በቅርብ ያለው ጠላት ውጊያ የተጀመረ እንዳይመስለው ሰግቶ በተኩሱ ፈንታ ይህን ዜማ አስነፋ። ታፕስ ከመኝታ ወደ መቃብር የተሻገረው በዚህ ምክንያት ነው።

በወንዙ ዳር ለዚህ ዜማ መታሰቢያ የሚሆን፣ በ1969 የቆመ ሐውልት አለ። ከፊቱ ቆመን ሳለ አጠገባችን የነበረ ጎብኚ ለልጆቹ የታወቀውን ተረት ይነግራቸው ጀመር፤ አንድ የሰሜን ጦር ሻምበል በሌሊት የቆሰለ ወታደር ከጠላት ወገን ጎትቶ ቢያወጣ የገዛ ልጁ ሆኖ አገኘው፤ ዜማውንም ከሟቹ ኪስ አወጣው የሚለውን ማለቴ ነው። እኔም ይህን እውነት ብዬ ኖሬአለሁ፤ ጋሼም ገና ሠልጣኝ ሳሉ ከአሠልጣኛቸው ሰምተውታል። ነገር ግን እንዲህ ያለ ሻምበል ስለ መኖሩ ማስረጃ አልተገኘም። ለእኔ እውነተኛው ታሪክ ከተረቱ ይበልጥብኛል፤ አንድ አዛዥ በሽንፈትና በበሽታ መካከል ሆኖ የደከሙት ሰዎቹ በምን ድምፅ እንደሚተኙ መጨነቁ ለልቤ ይቀርበዋል።

ዜማው 24 ድምፅ ብቻ ነው፤ ከእነዚህም የተለያዩት አራት ናቸው። የወታደር ጥሩንባ ቁልፍ ስለሌለው ድምፁን የሚለዋውጠው የነፊው ከንፈርና ትንፋሽ ብቻ ነው፤ ስለዚህም መሳሳት ቀላል፣ መደበቅ ግን የማይቻል ነው። በ1963 በፕሬዚዳንት ኬኔዲ ቀብር ላይ ሃምሳ አለቃ ኪት ክላርክ በብርድ ረጅም ሰዓት ቆሞ ከጠበቀ በኋላ ሲነፋ ስድስተኛው ድምፅ ተሰነጠቀበት፤ ብዙ ሰው ግን ጥሩንባው ራሱ ያለቀሰ አድርጎ ነው የወሰደው። ከ2000 ጀምሮ ሕጉ ለሚጠይቅ የቀድሞ ወታደር ቤተ ሰብ ሁሉ ቢያንስ ሁለት የደንብ ልብስ የለበሱ ወታደሮች እንዲገኙ፣ ባንዲራው ታጥፎ እንዲሰጥና ታፕስ እንዲሰማ ያዛል፤ ለዚያ ሁሉ ቀብር የሚበቃ ነፊ ስላልነበረ ግን በ2003 በጥሩንባው አፍ ውስጥ የሚገባ፣ የተቀዳውን ዜማ የሚያሰማ መሣሪያ ተፈቀደ። ወታደሩ ጥሩንባውን ወደ ከንፈሩ ያነሣል እንጂ አይነፋም። ጋሼ በአንድ ጓደኛቸው ቀብር ላይ ይህን አይተዋል። «ጉንጩ አልተነፋም» አሉኝ፤ ሌላ አልጨመሩም። እኔ ችግሩ ይገባኛል፤ ነገር ግን ለዓመታት በትክክለኛው ሰዓት ቆሞ ያዳመጠ ሰው ለመጨረሻው ጊዜ የሰው ትንፋሽ ይገባው ነበር እላለሁ።

ከሰዓት በኋላ ጄምስን በድልድይ ተሻግረን ወደ ጦር ሰፈሩ አመራን። በሩ ላይ ጋሼ የጡረታ መታወቂያቸውን አሳዩ፤ የእኔም ታይቶ አለፍን። መኪናችንን ከባንዲራው ትይዩ አቁመን ወረድን። «እኔ ምን ላድርግ?» ብዬ ስጠይቃቸው፣ «ቱ ዘ ከለር ሲጀምር ዜጋ ከሆንክ ቀኝ እጅህን ልብህ ላይ፤ ካልሆንክ ቀጥ ብለህ መቆም ይበቃሃል» አሉኝ። እሳቸው ግን ሲቪል ልብስ ቢለብሱም ወታደራዊ ሰላምታ ሊሰጡ ይችላሉ፤ ይህ ለቀድሞ ወታደሮች በሕግ የተፈቀደው በ2008 ነው። ለ11 ሰዓት፣ በወታደሩ አቆጣጠር ለ17 ሰዓት፣ ሦስት ደቂቃ ያህል ሲቀር አንድ ወጣት ወታደር ከመኪና ማቆሚያው ተነሥቶ ሰዓቱን አየና እየሮጠ ቅርቡ ወዳለው ሕንፃ ገባ። ጋሼ በሩ እስኪዘጋ በዓይናቸው ተከተሉት።

ሪትሪት ተጀመረ። መንገዱ ላይ የነበሩት መኪኖች አንድ በአንድ ቆሙ፤ በሮች ተከፈቱ፤ ግሮሰሪ የተሸከመች ሴት ከረጢቷን መሬት አስቀምጣ ዞረች፤ ለስፖርት የሚሮጡ ወታደሮች ላባቸው እየተንጠባጠበ ባሉበት ደረቁ። የመጨረሻው ድምፅ ሲያበቃ መድፍ ተተኮሰ፤ ማስተጋባቱ ሳያልቅ ቱ ዘ ከለር ቀጠለና ባንዲራው መውረድ ጀመረ። የጋሼ ቀኝ እጅ ወደ ግንባራቸው ወጣ። ጣቶቻቸው በዕድሜ ጎብጠዋል፤ ግራ እጃቸው ግን ከጭናቸው ጋር ተለጥፎ በዝግታ፣ ገመድ እንደሚለቅ ሰው፣ ትንሽ ትንሽ ይከፈትና ይዘጋ ነበር። ባንዲራው ልክ በመጨረሻው ድምፅ ተረኞቹ እጅ ላይ አረፈ።

መኪኖቹ መንቀሳቀስ ጀመሩ፤ እኛ ግን ወጣቶቹ ባንዲራውን ሲያጥፉ ቆመን አየን። በርዝመቱ ሁለት ጊዜ ካጠፉት በኋላ ከቀይና ነጩ ጫፍ እየጀመሩ በሦስት ማዕዘን ጠቀለሉት፤ ቀይ ቀለም በአንድ ጥግ ብቅ ስላለ አንዷ ወታደር ወደ ኋላ ፈታችውና እንደገና አጠበቀችው። ጋሼ በከንፈራቸው ይቆጥሩ ነበር። ሰማያዊው ብቻ ቀርቶ ተረኞቹ ይዘውት ሲሄዱ ወደ እኔ ዞሩ።

«ከመጀመሪያው ድምፅ እስከ መጨረሻው ስንት ደቂቃ ፈጀ?» አሉኝ።

ሰዓቴን አይቼ ነበር። «ሦስት አይሞላም» አልኳቸው።

«ከዚህች ነበር የምሸሸው» አሉና የመኪናውን በር ከፈቱ።