በበረዶ ወራት ከሬይኪያቪክ እስከ ዮኩልሳርሎን

ከአይስላንድ ዋና ከተማ ከሬይኪያቪክ በደቡቡ በኩል እስከ በረዶ ተንሳፋፊው ሐይቅ ዮኩልሳርሎን 375 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በፌብሩዋሪ አጋማሽ ስሄድ ለደርሶ መልሱ አምስት ቀን መደብኩለት፤ አንዱን ቀን ሆን ብዬ ባዶ ተውኩት። ፀሐይ በእኛ ሰዓት ጠዋት 3፡30 ገደማ ወጥታ 12 ሰዓት አካባቢ ትጠልቃለች። ዲሴምበር መጨረሻ ላይ ብርሃኑ አራት ሰዓት ብቻ ነው። አውሎ ነፋስ ሲነሳ ደግሞ መንገዱ ይዘጋል፤ ትርፍ ቀን ያልያዘ ሰው ከአውሮፕላኑ ላለመቅረት ሲል በነፋስ ውስጥ ለመንዳት ይገደዳል።

የተከራየሁት በአራቱም ጎማ የሚጎትት፣ ባለ ምስማር ጎማ መኪና ነበር። ደቡቡ እንደሚባለው አይበርድም፤ ሙቀቱ ዜሮ አካባቢ ይዋልላል፤ አደጋውም እዚያው ላይ ነው። ቀን የቀለጠው በረዶ ማታ ተመልሶ ይረጋና አስፋልቱ እርጥብ ብቻ ይመስላል። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ፍሬን መርገጥ መኪናውን ያንሸራትታል። ነዳጁን ለቀቅ አድርጎ፣ መሪውን ሳያወዛውዙ ፍጥነቱ በራሱ እንዲወርድ መተው ይሻላል። ወሰኑ በሰዓት 90 ኪሎ ሜትር ቢሆንም እኔ በረዶ ባለበት ከ60 አላለፍኩም። ባለ አንድ መስመር ድልድዮች ላይ ቀድሞ የቀረበው ያልፋል፤ ካጠራጠረ ቆሞ ማሳለፍ ነው።

ስለ መኪናው በር ጠበቅ አድርጌ ልናገር። ነፋስ የገነጠለውን በር የኪራይ ኢንሹራንስ አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንም። ስለዚህ መኪናውን አፍንጫው ወደ ነፋሱ እንዲዞር አድርጌ አቆማለሁ፤ ያኔ ነፋሱ በሩን የሚገፋው ወደ መዝጋት ነው። መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጌ የበሩን ጠርዝ በአንድ እጅ እጨብጣለሁ፤ በሌላው እጄ እጀታውን ስቤ በቀስታ እከፍታለሁ። ሁለት በር ባንድ ጊዜ አይከፈትም።

የመጀመሪያው ቀን የሲንግቬትሊር ነው። በ930 የተመሠረተው የአይስላንድ ሸንጎ አልቲንግ የተሰበሰበው እዚህ፣ ከቋጥኙ ሥር ነው፤ ሪፐብሊኩም የታወጀው እዚሁ፣ ጁን 17 ቀን 1944 ነው። ስንጥቁ ውስጥ ስትሄዱ የአፋር ምድር ትዝ ይላችኋል፤ እዚህም የምድር ቅርፊት በዓመት 2 ሴንቲ ሜትር ገደማ እየተለያየ ነው። ቀጥሎ ስትሮኩር የተባለው ፍል ውሃ በየ5 እስከ 10 ደቂቃው የፈላ ውሃ ወደ ላይ ይተፋል። ከነፋሱ በኩል ቁሙ፤ ፍንጣቂው ካሜራ ላይ ወዲያው ይረጋል።

ሴልያላንድስፎስና ስኮጋፎስ የተባሉት ፏፏቴዎች ሁለቱም 60 ሜትር ያህል ይወርዳሉ። ከሴልያላንድስፎስ ጀርባ የሚያዞረው መንገድ በረዶ ሲጋገርበት ይዘጋል፤ ገመዱን ተሻግሮ መግባት ሞኝነት ነው። ጫማ ላይ የሚጠለቅ ባለ ጥርስ ብረት ከሌለ ደረጃው ላይ አትውጡ። ቪክ ከተባለችው መንደር አጠገብ ባለው የባሕር ዳርቻ ሬይኒስፊያራ ባሕሩን ጀርባ መስጠት ክልክል እንደሆነ ቁጠሩት፤ ከብዙ ትንንሽ ማዕበል በኋላ ድንገት የሚመጣው ትልቁ ሰው ጠርጎ ይወስዳል።

ከቪክ ወዲያ ማደያ ይራራቃል። ቪክ ላይና ቀጥላ ባለችው መንደር ክሎይስቱር ላይ ታንኩን ሙሉት፤ ብዙዎቹ ቀጂ ስለሌላቸው ባለ ፒን ካርድ ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ከመነሳቴ በፊት የመንገድና የአየር ሁኔታ ካርታውን አያለሁ፤ ነፋሱ በሰከንድ ከ20 ሜትር ካለፈ አልነሳም።

ዮኩልሳርሎን የበረዶ ግግሩ ሲሸሽ ከ1930ዎቹ አጋማሽ ወዲህ የተፈጠረ ሐይቅ ነው። የበረዶ ቁራጮች ሐይቁንና ባሕሩን በሚያገናኘው ቦይ በኩል ወደ ባሕር ይወጣሉ፤ ሞገዱም ጥቁሩ አሸዋ ላይ ይጥላቸዋል። ሐይቁ ላይ የሚንሳፈፈውን በረዶ አትርገጡ፤ ይገለበጣል። ለፎቶ አንድ ሰዓት ይበቃል፤ ለመመለስ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊት መኪና ውስጥ ሁኑ።